በዘፈኑ መጨረሻ ላይ ስለምትታየው ሕፃንና ስለ ጋሽ ብዥታ ዕረፍት

በራሳቸው አቅም ለሚሠሩ የሮክ ባንዶች የሙዚቃ ቪዲዮ የምናዘጋጅ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች አባሉን በሞት ተነጥቋል። ሥዕላቸው ጠርቶ ስለማያውቅ «ጋሽ ብዥታ» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን ለወራት ታመው ባለፈው ሳምንት ዐርፈዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ ድካምም አለበት። በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ መግለጫ ስናወጣ የመጀመሪያችን አይደለም።

ጋሽ ብዥታ ሙያውን የጀመሩት ለሠርግና ለልደት መቅረጫ በሚሆን፣ ካሴት በሚጎርስ የቤት ካሜራ ነበር። ዛሬ «የድሮ መልክ» የሚባለው ነገር ያኔ ምርጫ አልነበረም። ካሜራው ያረጀ፣ ክፍሉ የጨለመ፣ የባንዱም ኪስ የነጠፈ ስለነበር ከዚያ የተሻለ ሊወጣ አይችልም። የደበዘዘው ቀለም፣ ሥዕሉን የሚያቋርጠው መስመር፣ ጥግ ላይ የሚታየው የተሳሳተ ቀን ሁሉም ከማጣት የመጡ ናቸው። አባላት ግን ወደድናቸው፤ ውለን አድረንም ደንብ አደረግናቸው።

አሁን ውድ ካሜራ የገዛ ሁሉ በኮምፒውተር ጭረት ይጨምርበታል። አራት ወጣቶች የአክስቶቻቸውን ሹራብ ለብሰው ባዶ ጋራዥ ውስጥ ይቆማሉ፤ ጊታር መቺው ጫማውን ያያል፤ ከበሮ መቺው እንደተቀየመ ሰው ፊቱን ያዞራል። ማኅበሩ በየዓመቱ የሚደርሱትን ቪዲዮዎች ሲመለከት፣ ሐቁን ለመናገር፣ ዐይኑ ዝሏል።

ባዶ ካሴት ከገበያ በጠፋበት ዓመት እንኳ ጋሽ ብዥታ ሥራ አላቋረጡም። በዚያ ዓመት ያዘጋጇቸው ቪዲዮዎች አጨራረሳቸው አንድ ነው። ዘፈኑ ያልቃል፣ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ አንዲት ሕፃን ሳሎን ውስጥ የሶፋ ጠርዝ ይዛ ለመቆም ስትታገል ለጥቂት ጊዜ ትታያለች። ይህ አጨራረስ ማኅበሩን በጣም አነጋግሯል። በተከታዩ ዓመት ዐውደ ጥናት ተዘጋጅቶበት ሕፃኗ የጠፋ የዋህነት ምሳሌ ናት ተብሎ ተወሰነ። ጋሽ ብዥታ ይህን ሁሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሰሙ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን የጎረቤት ልጅ እየተዋስን ተመሳሳይ መጨረሻ ቀርጸናል።

እውነቱን የሰማነው ለቅሶ ቤት ነው። ሕፃኗ የጋሽ ብዥታ አንድያ ልጅ ናት። ካሴት ሲጠፋ ባንዶቹን የቀረጹት ልጃቸው ባለችባቸው ካሴቶች ላይ ኖሯል፤ አዲሱ ሲቀረጽ የቀድሞው ይጠፋል። «ካሴት ሲገኝ እንደገና እቀርጻታለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ ባለቤታቸው፤ «ልጅ ግን ካሴት አይጠብቅም።» ዘፈኑ ያልደረሰበትን ጭራ ቆርጠው እንዲጥሉ ባንዶቹ ሲወተውቷቸው፣ የቀረችው ይቺው ናት፣ እንዴት ብዬ ልቁረጣት ይሉ እንደነበርም ነግረውናል።

ልጃቸው አሁን ራሷን የቻለች ሴት ናት። በልጅነቷ የተነሣችው ሌላ ምስል የላትም። ማኅበሩን የጠየቀችውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነዚያን ቁርጥራጮች።

የማኅበሩ የቅንብር ክፍል ከቁም ሳጥናችን ያገኘውን ሰብስቦ፣ አንድ ላይ ቀጥሎ፣ ለእናትና ለልጅ በኩራት አሳየ። እናትዮዋ ጥቂት እንዳዩ እጃቸውን አነሡ። «ይቺ የኛ አይደለችም። ይቺም አይደለችም። እነዚህ ካሜራውን ነው የሚያዩት፤ የኛዋ ከካሜራው ከፍ አድርጋ አባቷን ነበር የምታየው።» ከቀረበው ውስጥ የሚበዛው የኛው አስመስሎ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ያን ያህል ጎበዞች መሆናችንን ያወቅነው በዚያ ቀን ነው፤ ባላወቅነው ይሻል ነበር።

ስለዚህ ጋሽ ብዥታ በዚያ ዓመት የሰጧችሁ ካሴት ያላችሁ አባላትና ባንዶች ሁሉ እንድታመጡልን እንለምናለን። ቀለሙን አታስተካክሉ፤ መስመሩንም አታጥፉ። በተለይ ድምፁን አትንኩ፤ በተሠራጩት ቪዲዮዎች ላይ ከዘፈኑ በኋላ የሚጎተተው የጊታር እሪታ ስለሸፈነው ማናችንም ሰምተነው አናውቅም። እስካሁን ድምፁ የተረፈለት አንድ ካሴት ብቻ ተገኝቷል። ሥዕሉ እንደ ወትሮው ብዥ ያለ ነው፤ ከካሜራው ኋላ ያለው የአባትየው ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ወፌ ቆመች፤ የኔ ልጅ፣ ወፌ ቆመች።»

ልጃቸው ይህን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ካሴቱ እስኪያልቅም አልተቀመጠችም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸውና በየጋራዡ አብረዋቸው ለደከሙ ሁሉ ብርታቱን እንመኛለን። ከቃል የተሻለ ማጽናኛ ያለው ምናልባት በአንዳችሁ መሳቢያ ውስጥ ነው። ፈልጉልን፤ ስታገኙት መጨረሻውን አትቁረጡ።