ለጉልቤ የተላጠ ወይን

የአክስቴ ልጅ፣

የውሻችንን ብርድ ልብስ ልወስድ ነው የመጣሁት፤ ጉልቤን ሐኪም ቤት አስተኝተውታል። አንቺ ለጥ ብለሽ ተኝተሻል፣ ይመችሽ!

ወይን ለውሻ መርዝ ነው፣ ኩላሊቱን ነው የሚጨርሰው ብዬሽ ነበር። «ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የከብት ሐኪም የሆንሽው?» አልሽኝ። አንብቤ ነዋ! ትናንት ልጣጩን ስለላጥሽለት ደህና የሚሆን መሰለሽ።

ከዳነ፣ ወይኑም ዘቢቡም እዚህ ቤት አይገባም። ፖም ከሰጠሽው የውስጥ ፍሬዎቹን አውጥተሽ፣ በትንሽ በትንሹ ቆርጠሽ።
ሌላውን ፍራፍሬ ተይው።

ስጠራው ዓይኑን አይገልጥም። ከእኔ ይልቅ ካንቺ ጋር መላፋት ነው የሚወደው፣ ምን ላድርግ?

ተነሺና መጥተሽ ጥሪው።
እኔን ግን እንዳታናግሪኝ።