ድንጋይ የምትወጣዋ መኪና

ልጄ ማኅሌት፣ የጣና ገዳማት ጸሎት በወጣሽበት በገባሽበት ይከተልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ዓባይ ማዶም ዝናቡ አባርቷል።

በሰው የላክሻት፣ በሪሞት እየተነዳች ድንጋይ የምትወጣ ትንሽ መኪና ደረሰችን። ለሽማግሌ መጫወቻ ይላካል ወይ ብዬ ስቄ ነበር። አባትሽ ግን የዚያኑ ዕለት ፈታትተው መልሰው ገጠሟት። መጀመሪያ ዐለት ላይ ስትወጣ እየተገለበጠች አስቸገረች። ኋላ ከዓሣ አጥማጆች የመረብ ማስመጫ እርሳስ ለምነው ጎማዎቿ ውስጥ ከተቱባትና እንደ ፍየል ትቧጥጥ ጀመር። ክብደት ተጨምሮባት እንዴት ትወጣለች ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ከታች የከበደ አይገለበጥም» አሉኝ። ቦዲዋንም ከቢጫ ጀሪካን ቆርጠው ሠሩላት። እናንተ አገር ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ይወዳደሩባታል የሚሉት እውነት ነው? የማይቸኩለው ነው አሉ የሚያሸንፈው። አንቺም ስትሠሪ እየዋልሽ እህል መቅመስ እንዳትረሺ።

ቀጥሎ የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርሁሽ አባትሽ ከአጠገቤ ስለማይጠፉ ነው። ሐኪሙ ለጉልበትዎ ይራመዱ ቢላቸው እምቢ ብለው ከርመው ነበር። አሁን እኔ መንዳት ለመድሁ። ሪሞቱን ይዤ በወንዙ ዳር በየቀኑ ትንሽ ራቅ አደርጋታለሁ። «አንቺ ሴት፣ ወዴት ትወስጃታለሽ? ትሰብሪያታለሽ!» እያሉ ከዘራቸውን ይዘው ይከተሉኛል። መንገዱ መርዘሙን ልብ አላሉም።

እባክሽ ልጄ፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ባትሪ ላኪልኝ። ያለው ባትሪ የዓባይ ድልድይ ጋ ሳንደርስ ያልቅብኛል። ለምን እንደፈለግሁት ግን እንዳትነግሪያቸው።

አምላክ ድልድዩን በእግራቸው ተሻግረው የሚቀበሉሽን ቀን ያሳየኝ።

እናትሽ ወለተ ጊዮርጊስ