በነሐሴ የረጠበ ጸጉር

ውድ ካሳው፣

…ጸጉርህ ግን እርጥብ ነበር። ጎንበስ ስትል ከግንባርህ ውሃ ተንጠባጠበ፤ ጠዋቱን ሙሉ ስፈትገው በቆየሁት ብረት ላይ።

የሞተር ብሎክ ለቀለም ማዘጋጀት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ግራሶውን በቤንዚን ማጠብ፣ የድሮውን ቀለም በሽቦ ብሩሽ መላጥ፣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ መወተፍ። ከዚያ በኋላ ውሃ እንዳያየው። "ራቁቱን ያለ ብረት እርጥብ እጅ አይወድም" ትለኝ ነበር።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩህ።

"ዝናብ መታኝ።"

አመንኩህ። ነሐሴ ነበራ! ጎንደር በነሐሴ ማን ደርቆ ይገባል? ውሸቱን ከአገራችን ነው ያመጣኸው፤ እኔም በዚያው ጆሮ ሰማሁህ። የሳቀው ባለ ጋራዡ ሽሙኤል ነው። "በኦጉስት ዝናብ? ምነው ካሳው፣ ለአንተ ብቻ ነው የሚዘንበው?" አንተ አልሳቅህም። ወደ ደጅ አየሁ። እዚህ እስራኤል በነሐሴ ጠብ አይልም፤ የሻአሪያ ሰፈር መንገድ አቧራ ነበር።

ያኔ ገባኝ። ከሚክቬ፣ ከመንጻት መታጠቢያው፣ ነበር የመጣኸው።

አምና ረቢዎቹ "ለመጋባት መጀመሪያ ውሃ ገብታችሁ ንጹ" ሲሉን፣ ኢየሩሳሌም አስፋልት ላይ ለተቃውሞ ጎን ለጎን ተቀመጥን። "ሰንበት በመጣ ቁጥር ወንዝ የወረዱት አባቶቻችን አይሁድ አልነበሩም ልንል ነው?" ያልከው አንተ። እጄን መትተህ "አንተም አትገባ፣ እኔም አልገባ" ያልከው አንተ። እጮኛዬን እንጉዳይን ይህንኑ ነግሬ አስቆየኋት። ሠርጋችን እስከ ዛሬ ቆሟል። በሱዳን በረሃ ከአንድ ጀሪካን ጠጥተን… ተወው።

ጠብታው ያረፈበት ብረት ወዲያው መቅላት ጀመረ። ዝገቱን ልፈትግ ብሩሹን ሳነሳ እጄን ያዝከኝ።

"ተወው፣ በሰደር፣ ምንም አይል። ቀለሙ ይሸፍነዋል።"

ካሳው፣ ይህን አንተ ትለዋለህ? ግራጫውን ቀባህበት። ደግሞ አሳምረህ ቀባህ። ሽሙኤል "ያላ፣ ቀጣዩን!" አለ። ቀጣዩን አመጣሁ። ምን ላደርግ?

ዛሬ የሠርግህ ጥሪ ደረሰኝ። ያመጣችው እንጉዳይ ናት። ሚዜ ሁነኝ ትላለህ። ብትነግረኝ እጣላህ ነበር፤ ተጣልተንም ሽማግሌ ገብቶ እንታረቅ ነበር። ዝናብ ነው ካልከኝ ግን በምን እንታረቃለን? አሁን ሰው ጸጉሩን ታጥቦ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ወደ ደጅ እሰዳለሁ።

ሚዜህ አልሆንም። ትዳርህ ይባረክ፤ ይህን ግን ከልቤ ነው።

ወንድምህ የነበርኩት
ቢራራ

ስሜን ጽፌ ቀና ስል እንጉዳይ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"እሱ ውሃ ገባ፤ ሊያገባ ነው" አለች።

እናቴ አጥፋ ያስቀመጠችውን ፎጣ እንጉዳይ ከወንበሩ ላይ አነሳች። ጠራኋት። አልዞረችም። በሩ ተዘጋ።