በስሜ ስለታተመው ሁሉ

ለክቡር አቶ ክንዱ ሥዩም
የግጦሽ መሬትና የጥድ ችግኝ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ንፋስ መውጫ

የተከበሩ ጌታዬ፤ የጉና ብርድ ሳይነካዎት፣ ወንበርዎም ሳይነቃነቅ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ጸሐፊዎ አስካለ ወልደ ሰንበት፣ በወረቀት አባካኝነት ከሰጡኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከሁሉ አስቀድሜ የአራቱን ቢሮዎች ኮምፒውተሮች በገመድ አያይዘው እኔ ክፍል ካለው አንድ ፕሪንተር ጋር ስላገናኙልን አመሰግናለሁ። ገመዱን የዘረጋው ባለሙያ ቸኩሎ ነበርና አራቱንም የእኔን ስም ሰጥቶ ክርስትና አነሣቸው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም ምን ቢያትም የሚመዘገበው አስካለ አተመች ተብሎ ነው። ይህን ባመለክት ክቡርነትዎ በስምሽ የወጣ ሁሉ ያንቺ ነው ብለው ፈረዱብኝ። ፍርድዎን ተቀብዬ፣ ያልገቡኝን ጥቂት ነገሮች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ጥር ላይ የዳሩት የልጅዎ የሠርግ መጥሪያ፣ ከነጽጌረዳው፣ በእኔ ስም ታትሟል። ጠሪዋ እኔ መሆኔን ዘግይቼ ሰማሁ እንጂ ቢያንስ ራሴን በጠራሁ ነበር።

፪. ኅዳርን በሙሉ አራስ ነበርሁ። እንደ ፕሪንተሩ ሪፖርት ግን ገንፎዬን አስቀምጬ፣ ልጄን ለእናቴ አስታቅፌ፣ አራት መቶ ገጽ አትሜአለሁ። ኧረ ጎበዝ፣ እንዲህ ያለች አራስ በጋይንት ታይታ ታውቃለች?

፫. በፊትና በጀርባ የታተመውን አንድ ወረቀት ፕሪንተሩ ሁለት ገጽ ይለዋል። እርስዎ ደግሞ ወረቀቱ ራሱስ የት ሄደ ብለው ሦስት አድርገው ደመሩብኝ። እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩት አባቴ መሪጌታ ወልደ ሰንበት በገጽ ሦስት ሲባል የሚያውቁት ሥላሴን ብቻ ነው፤ የእርስዎን ትምህርት ብነግራቸው አማተቡና ይህ ሰው ከየትኛው ጉባኤ ነው የወጣው ብለው ጠየቁኝ።

፬. መብራቱ ሄድ መጣ ባለ ቁጥር ፕሪንተሩ የጀመረውን ትቶ እንደገና ከአንድ ይነሣል፤ የተቀደደውንም፣ ባዶውንም ይቆጥራል። ማስጠንቀቂያዬም ሦስቴ ተቋርጦ ነው የወጣው፤ ከነግልባጮቹ በእኔው ላይ ተደምሯል። እንግዲህ ራሴን ያስጠነቀቅሁት ራሴ ነኝ፤ ስለ ትጋቴ ልመሰገን ይገባኛል።

ጌታዬ፣ ቀልዱ ይቅር። ዓመታት የጠበቅሁት የክረምት የዲግሪ ትምህርት ተራዬ ዘንድሮ ደርሶ ነበር። ማስጠንቀቂያ ያለበት ሠራተኛ አይሄድም ተባለና ዕድሉ ለእኅትዎ ልጅ ለወይዘሪት ፍቅርተ ተሰጠ። አንጀቴ አርሯል፤ አልቅሻለሁም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የእኔን ኮምፒውተር አጥፍተው ከራስዎ አንድ ገጽ ያትሙና በማን ስም እንደሚመዘገብ በዓይንዎ ይዩት።

ከአራስ ቤት እስከ ሠርግ ቤት ያለ ዕረፍት በማተም የገነንሁት፣ ትእዛዝዎን አክባሪ፣

አስካለ ወልደ ሰንበት
ግንቦት ፳፻፫ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ የወይዘሪት ፍቅርተ የትምህርት ማመልከቻም ከእርስዎ ቢሮ በእኔ ስም ታትሞ አገኘሁት። በፍርድዎ መሠረት አመልካቿ እኔ ነኝ፤ ተፈቅዶልኛልም። ሻንጣዬን አስሬአለሁ፤ ፕሪንተሩን ወይዘሪት ፍቅርተ ትረከበኝ።