ማንም የነካው የለም

ሚያዝያ 6

መኪናችን ዳገቱ ላይ ዛሬም አዋረደችን። በሦስተኛ ማርሽ አልወጣም አለች፤ ወደ ሁለተኛ ስመልሳት ደግሞ ታቃስታለች። የዳቦ ማመላለሻው ቫን ሳይቀር ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈን። ሚስቴ ደንታም የላት። "ክሊኒኩ እንደሆነ ጥሎን አይሄድ" ብላ ሻርፗን ታስተካክላለች። ለነርስ እንዲህ ማለት ይቀላል። እኔ ግን ሲያልፉኝ ደሜ ይፈላል። አዲስ መኪና ይዞ በዳቦ ቫን መታለፍ ምን የሚሉት ነው?

እሷን ላይ ክሊኒኩ ካደረስኩ በኋላ ወደ መነጽር ቤቴ ስወርድ ብቻዬን ስነጫነጭ ነበር። ስንገዛ፣ አሮጌም ቢሆን ጉልበት ያለው እንግዛ ብያት እምቢ አለች። የልጅነቷ ጣጣ ነው። የአባቷ መኪና በየመንገዱ እየቆመ፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ስትገፋ ነው ያደገችው። "እኔ የምገዛው መኪናውን አይደለም፣ ዋስትናውን ነው" አለችው ሻጩን። አምስት ዓመት ሙሉ ሞተሩ ቢበላሽ ኩባንያው ያድሳል። ያን ቀን እንዴት እንደተኛች... እንደ ሕፃን።

ሚያዝያ 14

የአክስቴ ልጅ ሱቅ ብቅ አለ። ሰፈሩ "ሐኪሙ" ነው የሚለው፤ ላፕቶፑን አንግቶ መኪና ሲያክም ስለሚውል። የዳገቱን ጉድ አጫወትኩት። ሳቀብኝ።

"ሞተሩ እኮ ደካማ ሆኖ አይደለም። ፋብሪካው ነው ኮምፒውተሩ ላይ ልክ ያበጀለት። ልኩን ትንሽ ከፍ ባደርግልህ አታውቃትም።"

"ዋስትናውስ?"

"ሰርቪስ ልትወስዳት ስትል ትደውልልኛለህ። የድሮውን ፕሮግራም እመልሳለሁ። ማን ሊያውቅ?"

አስብበታለሁ አልኩት። ምን አስብበታለሁ... ልቤ ያኔውኑ ሸፍቷል።

ሚያዝያ 16

አስደረግሁት። ከሱቁ ጀርባ፣ በምሳ ሰዓት። ከመሪው ሥር ገመድ ሰክቶ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሻይዬን ሳልጨርስ አለቀ። አንድ ብሎን እንኳ አልተፈታም። ይሄ ነው እንዴ ይህን ያህል የሚፈራው?

ሚያዝያ 17

ዳገቱን በአራተኛ ወጣነው። በአራተኛ።

ሚስቴ ከስልኳ ቀና አለች። "ዛሬ ደግሞ ምን አበላሃት?"

"ጥሩ ነዳጅ" አልኳት።

ምን ነበረበት እውነቱን ብነግራት? ትቆጣ ነበር። ደስታዬን ታበላሽብኝ ነበር። በኋላ እነግራታለሁ።

ግንቦት 3

ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ፉጨት ሰማሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጭራሽ ጉልበት አጣች፤ ከኋላችን ጥቁር ጭስ። ቢጫው የሞተር መብራት በራ። እየተንፏቀቅን ደረስን።

እሷ ተረጋግታ ቦርሳዋን አነሳች። "ምን ፊትህን ታጠቁራለህ? ለዚህ አይደል ዋስትና የገዛነው። ውሰድና ስጣቸው።"

እሺ አልኳት።

ግንቦት 5

"ወሰድካት?"

"ሥራ በዛብኝ።"

የምን ሥራ። ቀኑን ሙሉ ሁለት ሰው ነው የገባው፤ አንዱ ሰዓት ሊጠይቅ። ሐኪሙ ስልክ አያነሳም።

ግንቦት 8

ሐኪሙ ተገኘ። ገመዱን ሰክቶ የፋብሪካውን ፕሮግራም መለሰ። መብራቱን አጠፋው፤ ፉጨቱ ግን አልጠፋም። ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን አስጠጋ።

"ቱርቦው ነው። ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ዕቃ። ሄዷል።"

"በእኛ ምክንያት?"

"ሊሆን ይችላል... ላይሆንም ይችላል። ምን አስጨነቀህ? አሁን ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። ውሰዳት፣ ያድሱልሃል።"

ልወስዳት ቆርጫለሁ። ግን ማንም ነክቷታል ወይ ቢሉኝስ? የእኔ ፊት እንደሆነ ምስጢር አይችልም።

ግንቦት 10

ቀደመችኝ። ዛሬ የዕረፍት ቀኗ ነበር። "ሥራ በዝቶብሃል፣ ላሳርፍህ ብዬ ነው" አለች። ሳላውቅ ቁልፉን ይዛ ሄዳለች።

ማታ ስገባ ሳሎኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ጉንጯ ቀልቷል። አንድ ቀጭን ቴክኒሽያን ኮምፒውተሩን መርምሮ፣ "እህቴ፣ ይሄ ሞተር ፕሮግራሙ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። አንዱን ለመጀመሪያ ሰርቪስ ሲመጡ እኔ ራሴ ነኝ የጫንኩት። ሁለቱን ግን አናውቃቸውም" ይላታል። ለካ ነገሩ ይቆጠራል። የድሮውን መመለሱም ራሱ ተቆጥሮብናል። ሐኪሙ ይህን አያውቅም ነበር? ወይስ ያውቃል?

"ማንም የነካው የለም አልኩት። አልሰማ አለኝ። ኃላፊውን ጥሩልኝ አልኩ። ባሌ እኔን ሳያማክር ጎማ እንኳ አያስነፋም፣ እሱን ከምትጠረጥሩ የራሳችሁን ሰው ጠይቁ አልኳቸው። ፈርሙ አሉኝ፣ ፈረምኩ። አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩልህ።"

ምን አልኩ? "ደግ አደረግሽ" አልኩ። ከዚያ ራት በላሁ። ያውም ጨምሬ።

ግንቦት 11

ዛሬም አልነገርኳትም።

ግንቦት 13

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ... ሆዴ እያወቀ ቀኑን ሙሉ የማላውቅ መስዬ ዋልኩ።

ኃላፊው ክሊኒኩ ድረስ ደውሎላታል። ይቅርታ ጠይቋታል። ባለቤቶቹ ካልነኩት፣ ኮምፒውተሩን የነካው ያ ቴክኒሽያን ብቻ ነው ብለው ከሥራ አግደውታል። በድርጅቱ መሣሪያ የግል ሥራ ይሠራል የሚል ወሬ ድሮም ነበር አሉ። ሊያሰናብቱት ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ይወሰናል። የእኛን ቱርቦ በነጻ ይቀይራሉ።

ሚስቴ አልቦረቀችም። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለች፤ ግን ድምፅዋ ቀዝቀዝ ብሎ። "ክፉ ሰው አይመስልም ነበር እኮ። ዓይኔን እያየ ነበር የሚያናግረኝ።" ቀጥላም፣ "አየህ፣ ሰው አይታመንም" አለችኝ።

ለእኔ። ለእኔ ነው ያለችው።

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። "አደራህን ዝም በል፣ ዝም አይነቅዝም" አለኝ። "ሰውየው ባለሙያ ነው፣ ሌላ ሥራ አያጣም። አንተ ብትናገር ማን ይጠቀማል?"

እሱ ይጠቀማላ። ሰውየው።

ግንቦት 14

አንድ ሌንስ አበላሸሁ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። የደንበኛዬን የግራ ዓይን ሌንስ ለቀኝ ቆረጥኩት። ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ።

እግሬ ወደ ጋራዡ ወሰደኝ። በሩ ላይ ቆሜ ልግባ አልግባ ስል አንድ ቀጭን ሰው ወጣ። ቱታውን አጣጥፎ ፌስታል ውስጥ ከቷል፤ ጫማውንም ከላይ። ዘበኛው ከኋላው "አይዞህ፣ ያልፋል" ይለዋል። እሱ መሆኑ ገባኝ። ፊት ለፊት ተገጣጠምን። በር የጠፋኝ መስሎት ቆም አለ።

"መኪና ሊያስገቡ ነው ጋሼ? በዚያኛው በር ነው" አለኝ። በእጁ ጠቁሞ አሳየኝ።

አመሰግናለሁ አልኩት። የጠቆመኝ በር ድረስም ሄድኩ... እስኪርቅ ድረስ እዚያ ቆምኩ። አልገባሁም። እንዲህ ያለ ፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ግንቦት 15

ነገርኳት።

ወጥ ቤት ሳህን ታደርቅ ነበር። እንዴት እንደምጀምር ስንት ጊዜ አውጥቼ አውርጄ፣ የወጣው ግን በአንድ ትንፋሽ ነው። "ቴክኒሽያኑ አልነካውም። ሐኪሙ ነው የነካው። እኔ ነኝ ያስነካሁት።"

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ብትጮህ በወደድኩ። ሳህኑን ማድረቋን ቀጠለች።

"መቼ?"

"ዳገቱን በአራተኛ የወጣን ቀን... ከዚያ በፊት ባለው ቀን።"

"ፈርሜ ስመጣ ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"ሰውየውን አገዱት ስልህስ?"

"አዎ።"

ፎጣውን ዘርግታ ሰቀለች። ጠርዝና ጠርዙን አስተካከለች።

"ነገ ሁለታችንም እንሄዳለን። የሰው ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ? የማታውቂውን..."

"እኔ አላወቅሁም አላልኩም እኮ። አውቃለሁ ነው ያልኩት።"

ግንቦት 16

የኃላፊው ቢሮ ጠባብ ናት። ሦስት ወንበር፣ አንድ የሚንቀጫቀጭ የአየር ማራገቢያ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ተናገርኩ። ኃላፊው አልተቆጣም፤ የለመደው ነገር ሳይሆን አይቀርም። "ታዲያ ይህን መጀመሪያ ቢሉን ምን ነበረበት?" ብቻ አለ። የሞተሩ ዋስትና ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ቱርቦውንም በራሴ ገንዘብ ነው የማስቀይረው። አይገርመኝም፤ ራሴ የፈለግሁት ነው።

ቴክኒሽያኑን ደውለው አስመጡት። ሲገባ ተነሳሁ። አፌን ስከፍት ሚስቴ እጇን ክንዴ ላይ አሳረፈች። ዝም በል ማለቷ ነው።

"ወንድሜ" አለችው፣ "በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው የወነጀልኩህ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።" የወርክሾፑ ሰዎች በመስኮቱ ያዩ ነበር። ድምፅዋን ሆን ብላ ከፍ አደረገችው።

"እህቴ፣ እርስዎ ያመኑትን ነው የተናገሩት" አላት። "እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እንደዚያው እል ነበር።"

እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ። ራሱን ነቀነቀ። ያን ቀን በር የጠቆመለት ሰውዬ መሆኔን አስታውሶ እንደሆነ እንጃ... ዓይኑ ግን እኔ ላይ አልቆየም። ወዲያው ቱታውን ሊለብስ ሄደ። አፈርኩ። ከአንጀቴ አፈርኩ።

በታክሲ ነው የተመለስነው። እሷ ከፊት ተቀመጠች።

ግንቦት 20

ሐኪሙ ሱቅ መጥቶ "አንተ እኮ ለራስህ አታውቅም" አለኝ። ገመዱን እንዳንጠለጠለ። እንደሚቆጠር ለምን አልነገርከኝም አልኩት። "እዚህ ያሉት ቆጠራውን የሚያነብ መሣሪያ ያላቸው አልመሰለኝም ነበር" አለ። አልመሰለኝም ነበር... እንግዲህ ምን ልበለው? እሺ ያልኩት እኔ።

ሰኔ 4

ታኮርፋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላኮረፈችም። ትናንት የአንድ በሽተኛ ነገር እያወራችኝ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። መኪናዋ ተሠርታ ወጥታለች። እናቷ መጥታ ሄደች፣ ምንም አልነገረቻትም። የቀድሞው ኑሯችን ተመለሰ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው ያደርኩት።

ዛሬ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ሸሚዜን ስቆልፍ፣ እሷ ልትወጣ ጫማዋን ታስራለች።

"ዝናብ ጀምሯል፣ ጃንጥላ ያዢ" አልኳት።

"እሺ" አለች።

ተነስታ መጣች። በአጠገቤ አልፋ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችና፣ እውነት ይዘንብ እንደሆነ ወደ ውጭ አየች። ከዚያ ሄዳ ጃንጥላውን አነሳች።