ሞላው ለስልሳ ሁለት ኪሎ ነው

ወንድም ጋሼ፣

ብስክሌትህን ስትፈልግ እንዳትደክም፤ እኔ ይዣት ወጥቻለሁ። የኋላዋን ሞላ ላስቀይር ነው። የቤቱ ቁልፍ ጎረቤት አለ።

"ቁልቁለት ላይ ትተኛለች፣ ቋ ትልና ልትጥለኝ ትደርሳለች" ስትለኝ ምን ነበር ያልኩህ? "ሞላው ምን ያድርግ? አንተ ወፈርክ እንጂ።" ይህ አልበቃ ብሎኝ የምትሠራበት እንጨት ቤት ሄጄ ባልደረቦችህ ፊት ደገምኩት። "የተማረው ታናሽህ ፈረደ!" ብለው ሳቁብህ። አንተም አብረህ ሳቅህ።

ትናንት ከሰዓት ሞላውን ፈትቼ አየሁት፤ ለስልሳ ሁለት ኪሎ ሰው የተሠራ ነው። ላንተ ስገዛው ባለሱቁ "የሚነዳት ሰው ስንት ኪሎ ነው?" ሲለኝ "ስልሳ ሁለት" ብዬው ነበር።

የራሴን ኪሎ።

ባሕር ማዶ ለራሴ ብስክሌት ስንቴ የመለስኩት ጥያቄ ስለሆነ አፌ ቀደመኝ። ሞላ በነጂው ክብደት እንደሚመረጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስተማርኩህ ደግሞ እኔው ነኝ።

ስለዚህ ጥፋቱ የሰውነትህ አይደለም። ሞላው ላንተ በጣም ልል ነው። ይህን እያወቅሁ ትናንት ማታም እንደ ሰሞኑ ሰሃንህን ገፍተህ "ጠግቤአለሁ" ስትል ዝም አልኩ።

ለባልደረቦችህ ዛሬውኑ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። አንተንም ጠብቄ ፊት ለፊት መንገር ነበረብኝ፤ ዓይንህን ማየት ከበደኝ።

ባለሱቁ ትክክለኛ ኪሎህን ይፈልጋል። በስልክ ላክልኝ። የዛሬውን ሳይሆን፣ እራት ከመተውህ በፊት የነበረውን።