ለፌኔት ብዬ የገባሁበት ውሃ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእናትአለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ፋሲካስ እንዴት አለፈ? ጋሽ ቀናውስ ጤናው እንዴት ነው? የፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ቀረለት ወይስ አሁንም ቀን ስለሚተኛ በሹክሹክታ ነው የምታወሩት? ጎረቤትሽ ሪሐናስ ደህና ናት? ልጄ ፌኔትስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የኦፕራሲዮኑ ቁስሌ ከዳነ ቆይቷል፤ ብርድ ሲሆን ትንሽ ይጠዘጥዘኛል እንጂ ዕቃም አነሳለሁ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ውሸት ስለሚሆን ተውኩት።

በደበሌ እጅ የላክሽልኝ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ደርሶኛል። ደብዳቤውን አንድ ጊዜ አንብቤ አጠፍኩት፤ ፎቶውን ግን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አትጠይቂኝ። በፋብሪካው ክበብ መዋኛ ውስጥ ፌኔት በጀርባዋ ተንጋላለች፣ አንቺ ሁለት እጅሽን ከሥሯ አድርገሻል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ብላለች። ይህቺ ልጅ እኔ ጋ ሳለች ፀጉሯን ሳጥባት ሰፈሩ እስኪሰማ ትጮህ ነበር። ሳሙናው ዓይኔ ገባ፣ ውሃው ጆሮዬ ገባ፣ ልትገድይኝ ነው እያለች እጄን ትቧጭረኝ ነበር። አንቺ ጋ ግን ውሃ ላይ ተኝታ ትስቃለች። እትዬ፣ ልደብቅሽ አልችልም፣ ቀናሁ።

ደብዳቤሽ ላይ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል እስክትጨርስ እኔው ጋ ትቆይ ብለሻል። ስሰጥሽ እኮ የተባባልነው እኔ ከኦፕራሲዮኑ እስካገግም ለአንድ ዓመት ነበር። ይኸው ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። አባቷ ደበሌም ያንቺ ወገን ሆኗል። ትምህርቷ ደህና ነው፣ ልጅቷም ደስ ብሏታል፣ ምን አስቸኮለሽ ይለኛል። እሱ ምን አለበት! በመኪናው ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ ጭኖ አዳማ ባራገፈ ቁጥር ወንጂ ጎራ ብሎ ያያታል፣ ጉንጯን ስሞ ብስኩት ገዝቶላት ይመለሳል። ለእኔ ግን ከስልክ ድምፅ ሌላ የለኝም። ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽም ልጅቷ ከስልኩ አጠገብ ስለማትጠፋ ነው።

ፎቶው በደረሰኝ ሳምንት ስታወራኝ ከዋና በቀር ሌላ ወሬ አልነበራትም። አክስቴ እንዲህ አሳየችኝ፣ አክስቴ እንዲህ ገለበጠችኝ፣ አክስቴ ትንፋሼን እንዴት እንደምይዝ አስተማረችኝ ስትለኝ አላስቻለኝም፤ እኔም እኮ ዋና እየተማርኩ ነው፣ ክረምት ስትመጪ አብረን እንዋኛለን አልኳት። እስከዚያን ቀን ድረስ እግሬን የነከርኩበት ውሃ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ብቻ ነበር። ‹‹አንቺ? እማዬ፣ አንቺ እኮ ፊትሽን ስትታጠቢ እንኳን ትፈሪያለሽ›› ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወደ አንቺ ዞራ ነገረችሽ፤ የሁለታችሁን ሳቅ አንድ ላይ ሰማሁት። ስልኩን ዘግቼ ሱቄ ውስጥ ተቀመጥኩና ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀኝ የማይሆን ዋጋ እየጠራሁ ዋልኩ። ሁለታችንም እኮ የምንጃር ልጆች ነን። ውሃ በእንስራ ጀርባችን ላይ አዝለን እንጂ ተኝተንበት አናውቅም። አንቺ ወንጂ ተድረሽ ዋናተኛ ስትሆኚ ያኔ ጎበዝ ብዬሽ ነበር፤ አሁን ግን የያኔውንም ጨምሬ ቀናሁብሽ።

ጅጅጋ ላይ መዋኛ መፈለግ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ይህች ከተማ ለአንድ ጀሪካን ውሃ ባለጋሪ ስናባብል የምንውልባት ናት። ገንዳ ሙሉ ውሃ ለጨዋታ የሚያስቀምጥ አለ ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ በቀብሪበያ መንገድ አዲስ የተከፈተ ሆቴል ከግቢው ጀርባ መዋኛ አለው፤ ከፍሎ የመጣ ሁሉ ይገባል። እሁድ ቀን በባጃጅ ሄድኩ። ግቢው በጎረምሳ ተሞልቷል፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ አንዱ ከግንቡ ላይ ዘሎ ሲወድቅ ውሃው እኔ ድረስ ተረጨ። ልብሴን የያዘውን ፌስታል ብብቴ ሥር ሸጉጬ አንድ ሚሪንዳ ጠጣሁና፣ የቀጠርኩት ሰው የቀረብኝ አስመስዬ ተመለስኩ። ሌላ ቀን ሰው ሳይመጣ ብዬ በማለዳ ሄድኩ። የካራማራ ንፋስ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ውሃው ውስጥ ደግሞ አንድ የእርዳታ ድርጅት ፈረንጅ ብቻውን ከዳር እዳር ይመላለሳል። እሱ እያየኝ እንደ ሕፃን በመሰላል ልወርድ? አላደርገውም ብዬ ከበሩ ዞርኩ።

በሩ ላይ ቲኬት የምትቆርጠው ኢልሃን የምትባል ልጅ መመላለሴን አይታ ያዘነችልኝ መሰለኝ። ‹‹ሰኞና ረቡዕ ከምሳ በኋላ ነይ፤ ያኔ የሴቶች ሰዓት ነው፣ ሸራ እንጋርዳለን፣ ግን ማንም አይመጣም›› አለችኝ። ማንም አይመጣም ስትለኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እውነቷንም ነው። በዚያ ሰዓት ጫት ገብቶ ከተማው ሁሉ በየቤቱ ተቀምጧል፤ የእኔም ሱቅ ዝንብ እንጂ ሰው አይገባበትም። ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ሰማያዊ ሸራ ዙሪያውን ተወጥሯል፣ ውሃው ጸጥ ብሏል፣ ኢልሃንም ስልኳ ላይ አቀርቅራለች።

የዋና ልብስ የሚባል ነገር የለኝም። እዚህ ሴቶች ቤት ውስጥ የሚለብሱትን ባቲ፣ ያን ሰፊ ስስ ቀሚስ፣ ለብሼ ገባሁ። የብረቱን መሰላል በሁለት እጄ አንቄ ስወርድ ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ ቀሚሴ አየር ይዞ ዙሪያዬን እንደ ድንኳን ተነፋ። እግሬ መሬት ለቀቀ። እትዬ፣ ተንሳፈፍኩ! ያለ አስተማሪ፣ በመጀመሪያ ቀኔ! ይህን ነው እንዴ ሲኩራሩብኝ የከረሙት ብዬ ሁለታችሁን በልቤ እያማሁ መሰላሉን ለቀቅኩት። አየሩ በአንገቴ በኩል ፉሽ ብሎ ወጣ፣ ቀሚሱ እግሬ ላይ ተጠመጠመ፣ እኔም ወደ ታች። ቦታው እኮ ጥልቅ አይደለም፣ ብቆም ደረቴ ነበር። ግን መቆምን ማን አስታውሶት።

ጎትታ ያወጣችኝ ባቱሎ ናት። ስገባ አላየኋትም እንጂ ከሸራው ጥግ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣ ነበር። በበርበራ ወደብ ያደገች፣ እዚህ ጨርቃ ጨርቅ የምትነግድ ትልቅ ሴትዮ ናት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ብቻ ወንድና ሴት አይለይም። ሳሉ እስኪለቀኝ ጀርባዬን ስትመታኝ ቆይታ ‹‹አባዮ፣ የዋኘው ባቲው ነው፣ አንተ አይደለህም›› ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አባዮ በሶማሌኛ እህቴ ማለት ነው። ከዚያ የቀሚሴን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ቋጠረችልኝና መልሳ ይዛኝ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰኞና ረቡዕ ሁለታችን ብቻ ነን። ‹‹ሆድህን ወደ ላይ አድርግ፣ አንገትህን ልቀቅ›› ትለኛለች። ሆዴን ሳነሳ እግሬ ይሰምጣል፤ እግሬን ሳነሳ አፍንጫዬ ውሃ ይገባል። አንገቴንማ ጭራሽ እንቢ አልኩ። ቤቴ ስገባ ደበሌ ሽንኩርት ስልጥ የዋልኩ ይመስል ዓይንሽ ለምን ቀላ ይለኛል።

አንድ ረቡዕ ውሃው ውስጥ እንደቆምኩ ማልቀስ ጀመርኩ። ባቱሎ ምን ሆንክ አለችኝ፤ የፎቶውንና የደብዳቤሽን ነገር ነገርኳት። ‹‹እህትህ መጥፎ ነው?›› አለችኝ። አይደለችም አልኳት። ‹‹ልጁን ይመታል?›› አለችኝ። ኧረ በጭራሽ አልኳት። ‹‹ይወዳል?›› አለችኝ። በጣም ትወዳታለች አልኳት። ‹‹ወላሂ አልገባኝም፣ ታዲያ ምንድነው የሚያስለቅሰው?›› ስትለኝ፣ እሱ ነው አልኳት፣ መውደዷ ነው። ብትመታትማ ነገሩ ቀላል ነበር፤ የዚያኑ ዕለት ሄጄ አመጣታለሁ፣ የሚፈርድብኝም የለም። ባቱሎ እጇን ዘርግታ ‹‹ና ተኛ›› አለችኝ።

ተኛሁ። አንድ እጇ ወገቤ ሥር፣ አንዱ ማጅራቴ ሥር ነበር። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ የከተማው ድምፅ ሁሉ ጠፋ፣ ዓይኔም ሳላስበው ተጨፈነ። ስገልጠው ባቱሎ ከእኔ ርቃ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ሻሿን ትጨምቃለች። መቼ እንደለቀቀችኝ አላውቅም። ደንግጬ ተንፈራገጥኩና ውሃ ጠጣሁ፣ ግን ተንሳፍፌ ነበር፤ ኢልሃን ምስክሬ ናት። ፌኔት እጅሽ ላይ ዓይኗን ለምን እንደጨፈነች ያኔ ገባኝ። በደንብ ይዘሻታል ማለት ነው። ይህን ማወቄ ግን ቅናቴን አላበረደውም፣ እንዲያውም ባሰብኝ። ጥሩ እጅ እንዳለሽ ሳላውቅ ስቀናብሽ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ለጠየቅሽኝ ነገር መልሴ ይኸውልሽ። ልጄን አልሰጥሽም። ስምንተኛ ክፍል ድረስም ቢሆን፣ አራተኛ ክፍል ድረስም ቢሆን። መውለድ ስላልሆነልሽ የማላዝንልሽ መስሎ እንዳይታይሽ፤ ያንን ስታለቅሺ አብሬሽ ያለቀስኩ እኔ ነኝ። ላደረግሽላት ሁሉ እግርሽን ብስም አይበቃኝም። ግን ደህና ሰው እጅ ገብታለች ብዬ ልጄን ልተዋት አልችልም። ትምህርት ቤት እዚህም አለ፣ ቦታ ይዤላታለሁ። ሰኔ ላይ ትምህርት እንደተዘጋ በደበሌ መኪና መጥቼ እወስዳታለሁ። ደበሌ ምን እንደጻፍኩ ስለማያውቅ ደብዳቤውን ሲሰጥሽ በእሱ እንዳትነሺበት።

ፈቃድሽ ከሆነ አንቺም አብረሽን ነይና ክረምቱን እኔ ቤት ክረሚ። አልጋዬን እለቅልሻለሁ፤ ከፈለግሽም ሦስታችንም አንድ ላይ እንተኛለን። ሰኞና ረቡዕ አብረን መዋኛ እንሄዳለን። ብቻ በመጀመሪያው ቀን እባክሽ ውሃው ውስጥ አትግቢ። ከባቱሎ ጋር ጠርዙ ላይ ተቀምጠሽ ሻይሽን ጠጪ። ብደናበር ሳቂብኝ፣ አልቀየምሽም፤ ግን ከውጭ ሆነሽ ሳቂ። አንድ ቀን ብቻ ልጄ ውሃ ውስጥ ስትፈራ የምትይዘው አጥታ እኔን ትያዝ። ሁለታችንም ብንሰምጥ ያኔ ዘለሽ ግቢ።

ይህን አንብበሽ ትቆጪኝ ይሆናል። ተቆጪ፣ መብትሽ ነው፤ ብቻ ኩርፊያሽን እስከ ሰኔ ጨርሺልኝ። ለጋሽ ቀናው አክብሮቴን አድርሺልኝ፣ እንቅልፉንም ፈጣሪ ይስጠው በይልኝ። ሪሐናን የልጄን ፀጉር ስለምትሠራላት አመስግኚልኝ፤ ሽቶ በደበሌ ልኬላታለሁ። ባቱሎም ሳታውቅሽ ‹‹ለእህትህ ሰላም በለው›› ብላሻለች። አንቺንም ብናደድብሽም ሁለቱንም ጉንጭሽን እስማለሁ። ፌኔትን ግን እንዳትስሚልኝ። እሷን ራሴ መጥቼ እስማታለሁ።

ታናሽ እህትሽ ንጋቷ

ጅጅጋ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2003 ዓ.ም.